መልስ፦ ኦምኒ ወይስ ሴክተር?
ሰላም ወንድሜ። ከማማ ላይ በሬዲዮ ኢንተርኔት ለምታከፋፍላቸው 40 ደንበኞች አንድ ኦምኒ አንቴና (ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚያሰራጭ) ይበቃ እንደሆነ፣ የቻናሉንም (ሬዲዮው የሚሠራበትን ፍሪኩዌንሲ) ስፋት 80 ሜጋኸርዝ ታደርገው እንደሆነ ጠይቀሃል። ሁለቱንም አልመክርህም።

ኦምኒ ከየአቅጣጫው ጩኸት፣ ማለትም የማይፈለግ ሲግናል፣ ይሰበስባል። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሰራጭ ባለ 90 ዲግሪ ሴክተር አንቴና ይሻላል፤ በጀቱ ለአራት ካልበቃ ደንበኛ በበዛበት በኩል በአንዱ ጀምር። ቻናሉን ከ80 ወደ 20 ሜጋኸርዝ ስታጠብበው ሬዲዮው የሚሰማው ጩኸት በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ ለሌሎቹ ሴክተሮችም ፍሪኩዌንሲ ይተርፍሃል።

ከዕቃው ምርጫ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የደንበኞቹ ሲግናል ነው። ሁሉም የሚካፈሉት አንድ የአየር ሰዓት ነው። ሲግናል የሚለካው በዲቢኤም ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ መጠን ሲግናሉ ደካማ ነው። -80 ዲቢኤም ላይ ያለ ደንበኛ ያንኑ ፋይል ለማውረድ -60 ላይ ካለው ብዙ እጥፍ ጊዜ ይይዛል፤ ማታ ሁሉም ሲገባ ሰፈሩን በሙሉ የሚያንቀራፍፈው እሱ ነው። ከ-65 የባሰውን እንዲሁ አታገናኝ፤ ትልቅ ዲሽ ስጠው ወይም ምሰሶውን ከፍ አድርግለት። ማማው በዓይን ስለታየም መስመሩ ክፍት ነው አትበል። በ5.8 ጊጋኸርዝ ለ5 ኪሎ ሜትር ሊንክ፣ መሃል ላይ በመስመሩ ዙሪያ 5 ሜትር ያህል ነፃ መሆን አለበት፤ ዛፍ ደግሞ ያድጋል።

የደንበኞቹ ሬዲዮዎች አንዱ የሌላውን ሲግናል ስለማይሰማ፣ በአንድ ጊዜ ልከው እንዳይጋጩ በየተራ የሚያናግራቸውን ኤርማክስ (የዩቢኪቲ ሬዲዮዎች ዘዴ) ወይም ኤንቪ2 (የማይክሮቲክ) አብራ። ለዚህም የማማውና የደንበኛው ሬዲዮ ከአንድ አምራች ይሁኑ።