«የኛ ሰው» ስለሆነ ልምረጠው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ካቶሊክ ነኝ፤ የምኖረው አሜሪካ ነው። ባለፈው ምርጫ ካቶሊኩን ዕጩ ትቼ ፕሮቴስታንቱን መረጥኩ። አብራኝ የምታስቀድስ ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ «ቤተ ክርስቲያንሽን ከዳሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የለንም። ንስሐ መግባት አለብኝ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ይህ ነገር ለእኔ አዲስ አይደለም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወንድም ስልኩን ይዞ መጣ። የአሜሪካ ኮንግረስ አባላት ስም ተደርድሯል፤ ከየስሙ አጠገብ ሃይማኖቱ ተጽፏል። «ካቶሊክ» የሚለው ላይ ሲደርስ ጣቱን ቆም እያደረገ ይቆጥራል። ፊቱ በርቷል። «ይሄኛው ስለ ድሆች በቀረበው ሕግ ምን ብሎ ድምፅ ሰጠ?» አልኩት። አላወቀም። «ይሄኛውስ?» እሱንም አላወቀም። ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ዝርዝሩ ሰውየው ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ይነግርሻል። በሥልጣኑ ምን እንደሚሠራበት ግን አይነግርሽም።

የእንግሊዙን ንጉሥ ሄንሪ 8ኛን አስቢው። የፕሮቴስታንት ንቅናቄ መሪ የነበረውን ማርቲን ሉተርን ተቃውሞ ስለጻፈ በ1521 እ.ኤ.አ. ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 10ኛ «የእምነት ጠበቃ» የሚል ማዕረግ ሰጡት። ከ14 ዓመት በኋላ ይኸው ንጉሥ የራሱን የቀድሞ ባለሥልጣን፣ የቅዱስ ቶማስ ሞርን አንገት አስቆረጠ። ጥፋቱ ንጉሡን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ራስ አድርጎ አልቀበልም ማለቱ ነበር። በ1534 ንጉሡን የቤተ ክርስቲያን ራስ ያደረገውን ሕግ ያጸደቁት የፓርላማ አባላትም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቀው ያደጉ ናቸው። ከጳጳሳቱ መካከል እንኳ እምቢ ብሎ የጸናው ዮሐንስ ፊሸር ብቻ ነው፤ እሱም ተገደለ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ዝርዝር ቢዘጋጅ፣ ገዳዩም ሟቹም «ካቶሊክ» ተብለው ይጻፉ ነበር። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ2000 የፖለቲከኞች ጠባቂ ቅዱስ አድርገው የሰየሙት ሟቹን ቶማስ ሞርን ነው።

ጓደኛሽ ሳታውቀው የምትደግመው የቆየ ስህተት አለ። በ1960 ካቶሊኩ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር፣ ብዙ ፕሮቴስታንቶች ጳጳሱ ከሮም ሆነው አሜሪካን ይገዛሉ ብለው ሰግተው ነበር። ኬኔዲ ሂዩስተን ሄዶ ፓስተሮች ፊት ቆመ። የካቶሊኮች ዕጩ አይደለሁም፣ ካቶሊክ የሆንኩ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩ ነኝ አላቸው። እነዚያ ሰዎች የፈሩትና ጓደኛሽ የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ ካቶሊክ ፖለቲከኛ የቤተ ክርስቲያን መልእክተኛ ነው የሚል። አይደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ቤተ ክርስቲያን ከየትኛውም የፖለቲካ ሥርዓት ጋር እንደማትጣበቅ አስተምሯል። ካህናትንማ የቤተ ክርስቲያን ሕግ የመንግሥት ሥልጣን እንዳይዙ ይከለክላቸዋል።

ይህን ስል እምነት ቤት ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። ካቶሊኩ ተመራጭ ስላልተወለደው ሕፃን፣ ስለ ስደተኛው፣ ስለ ድሃው ድምፅ ሲሰጥ ሕሊናው አብሮት መግባት አለበት። እሑድ አንድ ሰው፣ ሰኞ ሌላ ሰው መሆን አይችልም። በዚህ አልደራደርም። ግን ይህ እሱ የሚጠየቅበት ነው እንጂ ያንቺን ድምፅ በነጻ የሚወስድበት መብት አይደለም።

የሙሴ አማት ዮቶር ሙሴን ስለ ሕዝብ አለቆች ሲመክረው (ዘጸ. 18፥21) አዋቂዎችን፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩትን፣ የታመኑትን፣ ጉቦ የሚጠሉትን ምረጥ አለው። መካሪው ራሱ የምድያም ካህን ነበር፤ ከእስራኤል ወገን አይደለም። ሙሴ ግን ሰማው። እኔ ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የሁለቱንም ሥራና አቋም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት መዝነሽ፣ ጸልየሽ መርጠሽ ከሆነ ኃጢአት አልሠራሽም። ሳትመዝኚ ከሆነም፣ ጥፋቱ አለመመዘንሽ እንጂ ሰውየው ፕሮቴስታንት መሆኑ አይደለም።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላው ነው። ሁለታችሁም ከአንድ መሠዊያ ትቆርባላችሁ፤ ግን ሰላምታ የላችሁም። ጌታ መባህን ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ብሏል (ማቴ. 5፥24)። ማን እንደጀመረው አትቁጠሪ። ከእሑድ በፊት ደውዪላት።