ከኒርቫና ሌላ ምን ልስማ ላልከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። ባህር ዳር እንዳለህና ኒርቫናና ሊንኪን ፓርክ እንደሰለቹህ ጽፈሃል። ክላሲክ መባል ሲገባቸው ተረስተው የቀሩ የሮክ አልበሞች ጠይቀሃል። "ዩቲዩብ ላይ ፈልግ" ያሉህን ተዋቸው፣ ይሄም መልስ ሆኖ ነው? እኔም እዚሁ ጣና ዳር ነው ያደግኩት፣ ችግርህ ይገባኛል። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ።

1. ሞርፊን በሚባለው ቡድን "ኪዩር ፎር ፔይን" አልበም ጀምር። በ1993 የወጣ ነው። ጊታር ብዙ አትጠብቅ። ማርክ ሳንድማን ባለ ሁለት ክር ቤዝ ይጫወታል፣ ከጎኑ ባሪቶን ሳክስፎን አለ፣ ከኋላ ድራም። በቃ። ክሩ ላይ እያንሸራተተ ሲጫወተው ማሲንቆ ማሲንቆ ይላል። አዝማሪ ቤት የሚሠራ የሰፈራችን ልጅ አስደመጥኩት። "ሁለት ክር ምን ያደርግለታል? አንዱ ይበቃው ነበር" አለኝ። ሳክስፎኑን ግን ድገምልኝ አለ። ሳንድማን በ1999 ጣሊያን ውስጥ መድረክ ላይ እያለ ወድቆ ሞተ።

ሳክስፎን ከሮክ ጋር አይሄድም የሚልህ ካለ የጌታቸው መኩሪያን "ሞዓ አንበሳ" ክፈትለት። ዘ ኤክስ ከሚባሉት የሆላንድ ፓንክ ሮክ ተጫዋቾች ጋር በ2006 ያወጣው ነው። ሽለላው በሚጮኸው ጊታር መሀል ሲገባ ፀጉርህ ይቆማል። ሽለላና ፉከራ እየሰማን ያደግን ሰዎች ይሄን አለማወቃችን ያናድደኛል።

2. የፌይለር "ፋንታስቲክ ፕላኔት"፣ 1996። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብበኝ። የሎስ አንጀለስ ልጆች ናቸው። አልበሙን ራሳቸው ቀርፀው ጨረሱት፣ ግን አሳታሚያቸው በራሱ ጣጣ ተይዞ ስለነበር ሥራው ቁጭ ብሎ ቆየ። ሲወጣም ገበያው ዞር ብሎ አላየውም። በዓመቱ ቡድኑ ፈረሰ።

እኔ የፈለግኩት ኢንተርኔት በተዘጋበት ሰሞን ነው። ዘፈን የሚጭን አንድ ሱቅ "ሙሉ አልበሙ አለኝ" አለኝና ፍላሼን ሰጠሁት። ቤት ገብቼ ስከፍተው ይቆራረጣል። ለካ አልበሙ ውስጥ ዘፈኖቹን የሚያያይዙ ሦስት አጫጭር ሙዚቃዎች አሉ። ልጁ "አጭር ሲሆኑ የተበላሹ መስለውኝ ነው ያጠፋኋቸው" አይልም? ኮምፒውተሩም ላይ አልቀሩም። የተረፉትን ደግሞ በፊደል ተራ ደርድሯቸዋል። መዝጊያው "ዴይላይት" ሦስተኛ ላይ ተቀምጧል! ገንዘቤን መልስ ስለው ተቆጣ። "ዘፈን ዘፈን ነው፣ ምን ተራ አለው?" ብሎ ወረፋ የያዙት ፊት አሳቀብኝ። ብሩም ቀረ፣ የባጃጁም ቀረ።

ይሄን ሁሉ የምዘበዝብህ አንተም ከዚህ እንዳትወድቅ ነው። ከመሀሉ አንድ ዘፈን መዘህ ብትሰማ "ደህና ሮክ ነው" ብለህ ታልፈዋለህ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራው ስትሰማው ግን አንዱ ዘፈን ሌላውን እየጎተተ ይወስድሃል። እንዲህ ዓይነት አልበም ሬዲዮ ላይ ዕድል የለውም። የተረሳውም ለዚህ ይመስለኛል። በ2003 ኤ ፐርፌክት ሰርክል የሚባሉ ሌሎች ሮከሮች ከውስጡ አንድ ዘፈን ወስደው ሲጫወቱት ነው ብዙ ሰው ስሙን የሰማው።

በኋላ ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ኦርጅናሉን ሲዲ ላከችልኝ። እሱን ወደ ፋይል ቀይሬ ለስንቱ ሰጠሁ! ዛሬ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አካባቢ ፌይለርን የሚያውቅ ተማሪ ካጋጠመህ፣ ከእኔ ፍላሽ የተነሳ መሆኑን እወራረዳለሁ።

3 ልል ነበር፣ ጽሑፉ ረዘመ። የስክሪሚንግ ትሪስን "ደስት" ስማ፣ እሱም የ1996 ነው። የኒርቫና አገር ሰዎች ናቸው፣ ግን ይሄ አልበማቸው የደረሰው ግራንጅ (ያ የኒርቫና ዓይነት ሮክ) ሊያልቅ ሲል ነው። የማርክ ላኔጋን ድምፅ ብቻውን ይበቃሃል። የስሊንት አልበም "ስፓይደርላንድ" ለምን ቀረ የሚለኝ አይጠፋም። እሱማ ዘግይቶም ቢሆን ክብሩን አግኝቷል፣ የእኔ ጥብቅና አያስፈልገውም።

ሱቅ ሄደህ ካስጫንክ ግን ብር ከመክፈልህ በፊት ፍላሹን ክፈትና ቁጠር። "ፋንታስቲክ ፕላኔት" 17 ፋይል ነው። 14 ከሆነ ያ ልጅ ጋ ነው የሄድከው።