ነገ ከክፍሉ ፊት ለምትቆሙ ልጆች

ውድ ልጆች፣

ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ፕረዘንቴሽን ያለባችሁ መቼም አትጠፉም። ይህ ደብዳቤ ለእናንተ ነው። በተለይ ስማችሁ እስኪጠራ ድረስ ሌላው ልጅ የሚያቀርበው አንዱም ጆሯችሁ ለማይገባ፣ መዳፋችሁ ለሚያልብ፣ ሆዳችሁን ለሚቆርጣችሁ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የሥራ ዘመኔ ያለቀው ተማሪ ሲናገር በማዳመጥ ነው። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ፣ ኋላ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ ዲፌንስ ላይ። ስለዚህ «አትፍሩ» አልላችሁም። «አትፍራ» ስለተባለ ፍርሃቱ የለቀቀው ልጅ አላጋጠመኝም። እንዲያውም ያኔ ከፍርሃቱ በላይ መፍራቱ ያሳፍረዋል።

ደግሞ ይህ ነገር የልጆቹ ጉድለት ተደርጎ ሲወራ ያናድደኛል። እስቲ አስተዳደጋችንን እዩት። እንግዳ ቤት ሲመጣ ሰላም ብሎ ወደ ጓዳ መግባት ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር መሃል መግባት ነውር ነው። ቀና ብላ ሰው የምታይ ልጅ «ዓይነ ደረቅ» ትባላለች። ቶሎ የሚመልስ ልጅ «ምላሰኛ» ይባላል። መሬት መሬት የሚያየው ደግሞ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ተብሎ ይመረቃል። መጥፎ አስተዳደግ ነው ማለቴ አይደለም። እኔም ልጆቼን ያሳደግኩት እንዲሁ ነው። ግን ያችው ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። አንድ ቀን «ነይ ውጪና ለክፍሉ አቅርቢ» ትባላለች። ዝም በማለቷ ስትመሰገን ያደገች ልጅ፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ ያውም በሰው ቋንቋ! ባትደነግጥ ነበር የሚገርመኝ።

ግሩፕ ወርክ የሚባለው ነገር ደግሞ ያባብሰዋል። አምስት ልጆች አንድ ላይ ይመደባሉ። «ማን ያቀርባል?» ሲባል ሁሉም ዞር ብለው አንዱን ያያሉ፤ እንግሊዝኛ የሚቀናውን። እሱ በየሴሚስተሩ ሲያቀርብ ኖሮ ሲመረቅ ተናጋሪ ሆኖ ይወጣል። አራቱ አንድም ቀን ሳይቆሙ ዲፌንስ ይደርስባቸዋል። ከዚያ «እሱማ ተሰጥኦ አለው» ይሉላችኋል። የምን ተሰጥኦ! ተራችሁን ሁሉ ለእሱ ሰጥታችሁት እኮ ነው።

የቅኔ ቤት ሰዎች ይህን ነገር ከእኛ በተሻለ ያውቁበታል። ገና የጀመረ ተማሪ መወድስ ተቀኝ አይባልም። መወድስ ስምንት ቤት፣ ማለትም ስምንት ስንኝ ያለው የቅኔ ዓይነት ነው። ተማሪው የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ እሱ ሁለት ቤት ብቻ ነው። ብቻውን ጥግ ይዞ፣ ዛፍ ሥር ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ይደርሳል ማለት ነው። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። ጓደኞቹም ይሰማሉ። ከተሳሳተ ይታረማል፤ በሌላ ቀን ደግሞ ሌላ ሁለት ቤት ይዞ ይመጣል። እንዲህ እያለ ረዘም ወዳሉት የቅኔ ዓይነቶች፣ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ ያድጋል። መወድስ ላይ ሲደርስ ሰው ፊት መናገር ብርቁ አይደለም። ደፋር ሆኖ ስለተወለደ አይመስለኝም። አፉን የፈታው በሁለት ቤት በሁለት ቤት ነው።

እናንተም ከሁለት ዓረፍተ ነገር ጀምሩ። መምህሩ «ጥያቄ አለ?» ሲል ክፍሉ ሁልጊዜ ጭጭ ይላል። ያኔ እጃችሁን አውጡና አንዲት ጥያቄ ጠይቁ። ማታ ቤት ጽፋችሁ ያመጣችኋት ብትሆንም ማንም አያውቅባችሁም። ሚኒ ሚዲያ ካለ ጠዋት ሰልፍ ላይ አጭር ማስታወቂያ አንብቡ። ቤት ውስጥ የልደት ወይም የምርቃት ዝግጅት ሲኖር «እስቲ እኔም ሁለት ቃል ልበል» በሉ። ዘመድ አዝማድ ቢስቅም ፍቅር ያለበት ሳቅ ነው። ዓመቱን ሙሉ ዝም ብላችሁ ከርማችሁ በአንዴ ሃያ ደቂቃ ልናገር ካላችሁ ግን፣ መምህሩም ክፍሉም አላስፈራራችሁም፤ ራሳችሁ ናችሁ ነገሩን ያገዘፋችሁት።

ለነገው ግን ይህ ሁሉ አይደርስም። ስለ ነገ እንነጋገር።

ስማችሁ ሲጠራ ልባችሁ ይመታል። አፋችሁ ይደርቃል። ሰውነታችሁ አደጋ የመጣ መስሎት አድሬናሊን ለቆ ነው። ልብ የሚፈጥነው ለጡንቻ ደም ለማድረስ ነው። ሆድ የሚታወከው የምግብ መፍጨቱ ሥራ ለጊዜው ወደ ጎን ስለሚባል ነው። ሕመም አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚብሰውም ልትነሱ ስትሉና በመጀመሪያዎቹ አፍታዎች ነው። ከዚያ እየረገበ ይሄዳል። እንግዲህ ጭንቁ ያችን መጀመሪያ ማለፍ ነው።

ለእሷ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በቃላችሁ ያዙ። ከእንቅልፋችሁ ተቀስቅሳችሁ ብትጠየቁ እንኳን የማይጠፏችሁ ይሁኑ። ሙሉውን ግን እንዳትሸመድዱ! ሙሉውን የሸመደደ ልጅ አንዲት ቃል ስትጠፋው ዓይኑ ኮርኒስ ላይ ይሰቀላል። ከላይ ጀምሮ ይደግመዋል። እዚያችው ቦታ ሲደርስ እንደገና ይቆማል። ነገሩን እኮ አሳምሮ ያውቀዋል። የቀረውን በአራት በአምስት ነጥብ፣ በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ ያዙ። ነጥቡን አይታችሁ በራሳችሁ አፍ አስረዱ።

ወረቀት ካልኩ አይቀር፣ ነጠላ ወረቀት በእጃችሁ አትያዙ። አንዲት ተማሪዬ ስለ ደም ዝውውር ልታቀርብ ወጣች። አንድ ሉክ በሁለት እጇ ይዛለች። ወረቀቱ መንቀጥቀጥ ብቻ ሳይሆን ይንኮሻኮሻል። ከኋላ ሆኜ ይሰማኛል። ክፍሉ በሙሉ ወረቀቱን ማየት ጀመረ። እሷ ማየታቸውን አየች። ባሰባት። ተነስቼ የስም መጥሪያ መዝገቤን ሰጠኋትና «ከላዩ ላይ አድርጊው» አልኳት። ድምፁ ጠፋ። እጇ እንደሆነ መንቀጥቀጡን አልተወም፣ ከፊቷ ስለነበርኩ አይቻለሁ። ክፍሉ ግን የሚያየው አጥቶ ፊቱን ወደ ትምህርቱ መለሰ። እሷም ጨረሰች። ደብተር፣ መጽሐፍ፣ ጠንከር ያለ ማኅደር፣ ያገኛችሁትን ሥሩ አድርጉ። ወይም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት።

የውስጣችሁ ጭንቀት ለሰው ወለል ብሎ የሚታይ ይመስላችኋል። አይታይም፤ ቢያንስ የምትፈሩትን ያህል አይታይም። ኬኔት ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት ይህንኑ አሳይተዋል። እንዲያውም ጭንቀታቸው ያሰቡትን ያህል እንደማይታይ አስቀድሞ የተነገራቸው ተማሪዎች ካልተነገራቸው የተሻለ ንግግር አድርገዋል። ይኸው ነገርኳችሁ። ሌላም አለ። አሊሰን ዉድ ብሩክስ የተባለች የሃርቫርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ሥራ፣ ከንግግር በፊት ለራሳቸው «ተረጋግቻለሁ» ያሉትንና «ጓጉቻለሁ» ያሉትን አወዳድራለች። በአድማጮች ዘንድ የበለጠ አሳማኝ ሆነው የተገኙት «ጓጉቻለሁ» ያሉት ናቸው። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነው። ልብ እየደለቀ «ተረጋግቻለሁ» ማለት ውሸት ነው፤ ሰው ደግሞ ራሱን እንዲህ በቀላሉ አይሸውድም።

ልምምዱን ቆማችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ አድርጉት። አልጋ ላይ ተጋድሞ ስላይድ ማገላበጥ ልምምድ አይባልም። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ዶርሙ ሰው ሞልቶበታል ትሉኝ ይሆናል። አውቃለሁ። ማታ ባዶ ክፍል ፈልጉ፤ ከጠፋ ሜዳ ላይ ወክ እያደረጋችሁ ተናገሩት። ስልክ ጆሯችሁ ላይ ካደረጋችሁ ማንም እብድ አይላችሁም። መጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ለታናሽ እህታችሁ አስረዱ። አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ፣ ትግርኛም ይሁን ሲዳምኛ። «አልገባኝም» ያለችበት ቦታ እናንተም ያልገባችሁ ቦታ ነው፤ በአብዛኛው እንደዚያ ነው። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ውሰዱት፣ አጭር አጭር አድርጋችሁ። ከኢንተርኔት የተገለበጠ ረጅም ዓረፍተ ነገር መሃሉ ላይ ትንፋሽ ያሳጥራችኋል፤ እኔም ከማን እንደተገለበጠ ወዲያው እጠረጥራለሁ።

ስለ ስላይድ ብዙ አልልም። መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ ያለ እሱ ማቅረብ የምትችሉትን ያህል ተዘጋጁ። ጀርባችሁን ለሰው ሰጥታችሁ ግድግዳ አታንብቡ።

ክፍሉ ቢንጫጫስ? ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ሊናገሩ ቆሙ። አገራቸው ተወርራለች፤ እሳቸው ስደት ላይ ናቸው። ገና ከመጀመራቸው የጣልያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው በፉጨትና በጩኸት አዳራሹን በጠበጡት። ፖሊስ ጋዜጠኞቹን እስኪያስወጣ ድረስ ንጉሡ ጸጥ ብለው ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ንግግራቸውን ከወረቀት፣ በአማርኛ አነበቡ። ፈረንሳይኛ ይችሉ ነበር። ስለ ፖለቲካው የተለያየ ሐሳብ ይኖራችሁ ይሆናል፤ ለኔ እዚህ ጋ የሚታየኝ አቋቋማቸው ነው። ጩኸት ላይ አልጮሁም፤ አልተጣደፉምም። እናንተም የኋላ ወንበር ሲንሾካሾክ ዝም ብላችሁ ቁሙና ጠብቁ። ዝምታው ለእናንተ ዓመት ይመስላችኋል፤ ለሰሚው አንድ ትንፋሽ ነው። በዚያው ውኃ ተጎንጩ።

በአነጋገሬ ይስቁብኛል ብሎ የሚፈራ ልጅም አለ። ከገጠር የመጣ፣ ወይም አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ። ሙሴም አፌ ይያዛል ብሎ አምላኩን ተከራክሯል። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አለ፣ ቁርዓንም ላይ የምላሱ መቋጠር እንዲፈታለት ሲለምን እናነባለን። የተሰጠው መልስ «እንግዲያው ተው፣ አትሂድ» አልነበረም፤ ወንድሙን አሮንን ይዞ ሄደ። ቶሎ ቶሎ ካላችሁ የምትደነቃቀፉ ከሆነ ረጋ በሉ። ዘዬአችሁን ግን ልትደብቁ ስትሞክሩ ሐሳባችሁ እንዳያመልጣችሁ።

ጥያቄ ሲመጣ የማታውቁትን «አላውቀውም፣ አይቼ እነግራችኋለሁ» በሉ። እኔ ለዚህ መልስ ማርክ ቀንሼ አላውቅም። ዙሪያ ጥምጥም ለሄደ ግን ቀንሻለሁ።

አንድ የማልወደው ነገር አለ። ከፕረዘንቴሽን በፊት «ድፍረት ይሰጣል» ብሎ ጫት መቃም። ልብን የበለጠ ያስመታል፣ አፍን የበለጠ ያደርቃል፤ እናንተ የምትሸሹት ይህንኑ አይደል? ልብ ያረጋጋል ተብሎ ከጓደኛ የሚወሰድ ክኒንም ይቅርባችሁ። ፕሮፕራኖሎል የሚባለው ለምሳሌ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። ፍርሃቱ እንቅልፍ የሚነሳችሁ፣ ትምህርት የሚያስቀራችሁ፣ ኮርስ የሚያስጥላችሁ ከሆነ ግን በምክር ብቻ የሚያልፍ አይደለምና ሐኪም ወይም የግቢያችሁን የምክር አገልግሎት አነጋግሩ። ለምታምኑት መምህርም ቀደም ብላችሁ ንገሩ። ብዙዎቻችን ቢሮ ውስጥ ብቻውን እንዲያቀርብ የምንፈቅድለት ልጅ ኖሮ ያውቃል፤ በሚቀጥለው ጊዜ አምስት ሰው ፊት፣ ቀጥሎ ክፍሉ ፊት።

የመጨረሻው ለእናንተ ለማትፈሩት ነው፤ በየግሩፑ ለምታቀርቡት። በሚቀጥለው ጊዜ ማርክ እንዳይቀንስባችሁ ብላችሁ ሁሉንም አትጠቅልሉት። ያን ዝም የሚለውን ልጅ ከሦስት ቀን በፊት አናግሩት፤ ክፍሉ ፊት ድንገት «አንተ አቅርብ» እንዳትሉት። መግቢያውን ለእሱ ስጡት። ስሙንና ርዕሱን ይናገር፣ አንዱን ነጥብ ያስረዳ። እናንተ ጎኑ ቁሙ። ቃል ቢጠፋው ቶሎ አትንጠቁት፤ ትንሽ ጠብቁትና የቀረውን ቀጥሉ።