«ሰለባ» ወይስ «ተጎጂ»?

ጥያቄ፦ አለም ባንክ አካባቢ የእድር ጸሐፊ ነኝ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ያለቁብንን ለማሰብ ማስታወቂያ ሳዘጋጅ «የአደጋው ሰለባዎች እና ተጎጂ ቤተሰቦች» ብዬ ጻፍኩ። ልጃቸውን ያጡ አንዲት አባላችን ግን «ተጎጂ ስሜ አይደለም» አሉኝ። ምን ልበል?

መልስ፦ እኚህ እናት ሰዋስው ሳይጠቅሱ ሰዋስው ነግረውዎታል።

በመጀመሪያ «ሰለባ»። ሰለበ በግእዝ ገፈፈ፣ ዘረፈ ማለት ነው። በድሮው ጦርነት ገዳይ ከጣለው ጠላት ላይ ቆርጦ ለፉከራ ይዞት የሚመጣው ነገር ሰለባ ይባል ነበር። ሟቹ አይደለም፤ በገዳዩ እጅ ያለው ምልክት ነው። «ቃሉ ከምንጩ ከራቀ ቆይቷል፣ ዛሬ ያንን የሚያስብ የለም» የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፤ ዜናውም ጋዜጣውም በዚሁ ስለጸና ስሕተት ነው ብዬ ልፈርድ አልችልም። እኔ ግን ከ110 በላይ ሰው ላለቀበት ሐዘን አልጽፈውም። ሰውን የናዳ ግዳይ ማድረግ ይከብደኛል።

ዋናው ነገር «ተጎጂ» ላይ ነው። ወሰደ «ወሳጅ» እንደሚሆን ሁሉ፣ ተጎዳም ደ ወደ ጀ ተለውጣ «ተጎጂ» ይሆናል። ቅርጹ የነተማሪ፣ የነተከራይ፣ የነተጓዥ ነው፤ ሰውየው የሚኖርበትን ሁኔታ እንጂ አንድ ቀን የደረሰበትን አይናገርም። ተማሪ ነገም ይማራል፤ ተጎጂስ? እርዳታ ሲከፋፈል ለመዝገብ ይመቻል፤ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ጎረቤት በስሟ መጥራቱን ትቶ «ያቺ ተጎጂዋ» ይላታል። «ተበዳይ» ቢሆን እንኳ በዳዩ ማነው የሚል ጥያቄ ያስከትላል፤ ፍርድ ቤት «የግል ተበዳይ» የሚለውም ለዚህ ነው። «ተጎጂ» ማንንም አይጠይቅም።

አማርኛ ግን ለዚህ የሚሆን ረቂቅ መሣሪያ አለው፦ «ባት»። ልጇ ሞተ ማለትና ልጇ ሞተባት ማለት አንድ አይደለም። ሁለተኛው ሞቱን ይነግርና ጉዳቱን እናቲቱ ላይ ያሳርፋል፤ እሷን ግን እናት እንደሆነች ይተዋታል። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ተጎጂዋ የት ናት?» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ «ልጅ የሞተባት የቷ ናት?» ነው የሚባለው።

ስለዚህ «መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ ያረፉ ወገኖቻችን እና የሞቱባቸው ቤተሰቦች» ብለው ይጻፉ። ከዚያ በታች የሟቾቹን ስም ከነአባታቸው ይዘርዝሩ፤ ቦታ ካነሰ ወረቀት ይጨምሩ።