ከበረዶው በፊት

አዳማ ውስጥ በድንገተኛ ክፍል ለምትሠሩ ወጣት ሐኪሞችና ነርሶች፤

በአንድ የሚያዝያ ረፋድ፣ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው እናት ከባጃጅ ሲወርዱ፣ ልጃቸው በፌስታል የቋጠረውን በረዶ ግንባራቸው ላይ ይዞ ነበር፤ ሻሻቸው ውኃ ያንጠባጥባል። ከጎኔ የነበረው ተለማማጅ ሐኪም ፈገግ አለ። እኔ ግን ልጁ የያዘው ሐሳብ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት የደከሙበት መሆኑን ስለማውቅ አልሳቅሁም።

የረጋ ደም የአንጎልን የደም ሥር ሲዘጋ፣ ማለትም ስትሮክ ሲከሰት፣ ደም ያጣው ክፍል መካከሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል፤ ዙሪያው ግን ደም እንደጠማው ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። የአንጎል ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በወረደ ቁጥር የኃይል ፍጆታው ከ6 እስከ 7 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ፣ ቅዝቃዜው ይህን ክፍል ደም እስኪደርስለት ያቆየዋል ተብሎ ይታሰባል። ይሁንና 37 ዲግሪ የሚሞቅ ደም ያለማቋረጥ ስለሚገባ፣ ግንባር ላይ የተያዘ በረዶ ወደ ጥልቁ እምብዛም አይደርስም። መላ ሰውነትን ማቀዝቀዝም መንቀጥቀጥንና የሳንባ ምችን ሊያስከትል ይችላል፤ 1500 ሕመምተኞችን ሊያሳትፍ ታቅዶ የነበረው ዩሮሂፕ-1 የተባለው የአውሮፓ ጥናት በ98 ብቻ ተቋርጦ ጥቅም ሳያሳይ ቀርቷል። አንጎልን ለይቶ ማቀዝቀዝ የተፈለገው ለዚህ ነው፤ የረጋው ደም በካቴተር (በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ከወጣ በኋላ፣ 4 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ ኖርማል ሳላይን (ለሕክምና የተዘጋጀ የጨው ውኃ) በዚያው መንገድ በቀጥታ ወደ ተጎዳው ክፍል ይለቀቃል። ልቤ ወደዚህ ዘዴ ቢያደላም፣ የተደረጉት ጥናቶች አነስተኞች በመሆናቸው ገና መደበኛ ሕክምና አልሆነም።

ስህተቴንም ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ ስለ ማቀዝቀዝ ጠዋቱን ሙሉ ለተማሪዎች ሳስረዳ፣ እዚያው ክፍል የተኛ የስትሮክ ሕመምተኛ ሙቀት ከንጋት ጀምሮ 38.9 ተብሎ ቻርቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ያየሁት ከቀትር በኋላ ነው። ትኩሳት የተጎዳን አንጎል እንደሚያባብስ ጠፍቶኝ አልነበረም። እናንተ ሙቀቱን ለኩ፤ ትኩሳት ካለ አብርዱለት፣ ምንጩንም ፈልጉ። መዋጥ መቻሉን ሳትፈትሹ ግን ውኃም ኪኒንም በአፉ አትስጡት።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ሰዓቱ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በመሠረቱ የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ፣ ደም አለመፍሰሱ በሲቲ ስካን ከታየ በኋላ ነው። የእናትዮዋ ልጅ «ሁለት ሰዓት ላይ ደህና ነበረች» ሲል ተለማማጁ ቅጹ ላይ 2:00 ብሎ ጻፈ። ልጁ የተናገረው በእኛ አቆጣጠር ስለ ጠዋቱ ነው፤ ቅጹ የሚሞላው ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በአንዲት ጽሕፈት 6 ሰዓት ተጨመረባቸው። ሰርዤ 8:00 ብዬ ጻፍሁና ልጁን «በረዶውን አስቀምጠውና አልጋውን አብረን ወደ ሲቲ ስካን እንግፋ» አልሁት።