ከጨረር ሕክምና ክፍል ውጭ መጠበቅ ለነፍሰ ጡር ያሰጋል?

እህቴ፣ መጀመሪያ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ከአዳማ አዲስ አበባ እያመላለስሻት፣ እርጉዝ ሆነሽ ከጨረር ክፍሉ ግድግዳ ሥር ቁጭ ብሎ መጠበቁ ጽንሱን ይጎዳው እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔም የአዳማ ሰው ነኝ። በእነዚህ ክፍሎች ዙሪያ ጨረር መለካት ለዓመታት ሥራዬ ነበር። ተረጋጊ፣ አይጎዳውም።

"ጨረር ግድግዳ ይበሳል" ያሉሽ ጨርሶ አልዋሹም። ኮንክሪት ውስጥ ይገባል፤ ግን እየገባ ይመናመናል። በ6 ሜጋቮልት ማሽን (ሜጋቮልት የጨረሩን ጉልበት ይናገራል) 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ኮንክሪት ባለፈ ቁጥር የሚተርፈው አንድ አሥረኛው ነው። ለዚህ ነው ማሽኑ በቀጥታ የሚያነጣጥርበት ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ከሜትር ተኩል በላይ የሚወፍረው። ሌላው ግድግዳ ይሳሳል፤ እዚያ የሚደርሰው ከታካሚው ሰውነት የሚበተነውና ከማሽኑ ራስ የሚያፈተልከው ብቻ ነዋ። ወደ ጎን የሚበተነው ጉልበቱ በጣም የወረደ ነው። የሚያፈተልከው ግን ጉልበቱ እንደ ዋናው ስለሆነ፣ መጠኑ ከዋናው ከሺህ አንድ እጅ እንዳይበልጥ ተገድቧል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በሩ ነው። ስንለካ ታካሚ በሚተኛበት ቦታ ውኃ የሞላ ዕቃ እናስቀምጣለን፤ ጨረሩን እንደ ሰውነት ይበትነዋል። ማሽኑ ሲበራ መለኪያውን ይዤ የበሩን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ቀስ እያልኩ እከተላለሁ፣ በተለይ ከወለሉ ጋር ያለችውን ክፍተት። ገመድ የሚያልፍበትንም ቀዳዳ አልዘለውም። ብዙ ቦታ መግቢያው ጥምዝ ኮሪደር ነው፤ ጨረር ራሱ አይታጠፍም፣ በሩ ጋ ለመድረስ ከግድግዳ ግድግዳ መላተም አለበት። በተላተመ ቁጥር የሚቀረው ጥቂት ነው።

እንዳንቺ ከሥራው ውጭ ላለ ሰው፣ ከተፈጥሮው ጨረር ሌላ የሚደርስበት ገደቡ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ነው፤ ሚሊሲቨርት ሰውነት የሚያገኘው ጨረር መለኪያ ነው። ከተፈጥሮ ብቻ የዓለም ሰው በአማካይ 2.4 ያህል ያገኛል።

እናትሽን ደግሞ አትፍሪያት። ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር ሰውነት ውስጥ አይቀርም። በፈጣን መንገዱ ስትመለሱ ትከሻሽ ላይ ትተኛ። የምግብ ዕቃ የሚለዩባቸው ታማሚዎች አይቻለሁ፤ አንጀቴን ይበላኛል።

ቀይ መብራት በርቶ ሳለ ግን በሩን አልፈሽ እንዳትገቢ። እርጉዝ መሆንሽንም ለባለሙያዎቹ ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ማሽኑ ኮባልት ከሆነ፣ ማለትም ጨረሩን የሚያገኘው ውስጡ ካለ ጨረር አመንጪ ብረት ከሆነ፣ ተዘግቶም ጥቂት ጨረር ስለሚያወጣ፣ እናትሽን አልጋው ላይ ሌላ ሰው ያውጣት። ሲቲ ስካን ስትነሳም "ደግፈሽ ያዢያት" ቢሉሽ እሺ አትበይ፤ ወንድምሽ ይግባ።