የምርጫ ቃል ሲታጠፍ ማንን እንጠይቅ?

ሰሞኑን ከሐዋሳና ከአካባቢዋ የደረሱኝ ደብዳቤዎች መንገዳቸው ቢለያይም መድረሻቸው አንድ ነው። ፓርቲዎች በምርጫ ዘመቻ የገቡትን ቃል ሳይፈጽሙ ሲቀሩ ዜጋ ምን ማድረግ ይችላል? የጠያቂዎቹን ስም ትቼ፣ ረዘም ያሉትን ጥያቄዎች አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ። እኔ የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር፦ የምርጫ ቃል መጠየቅ ያለበት በበጀት ወቅት ነው፣ በወረቀት ነው፣ በየዓመቱም ነው። አምስት ዓመት ጠብቆ በምርጫ ሰሞን ብቻ የሚጠይቅ ሕዝብ የሚያገኘው መልስ ሌላ ቃል ነው።

ጥያቄ፦ በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ አነስተኛ ሱቅ አለኝ። የመረጥኩት ፓርቲ እንደ እኔ ላለው ነጋዴ ያለ መያዣ ብድር እንደሚያመቻች በዘመቻው ተናግሮ ነበር። እስካሁን የሰማሁት ነገር የለም። ፓርቲውን ፍርድ ቤት ላቆመው እችላለሁ?

መልስ፦ ቃሉን ስላልፈጸመ ብቻ መክሰስ አይችሉም። ክስ ውል ወይም ሕግ ይፈልጋል፤ ማኒፌስቶ፣ ማለትም ፓርቲው ለምርጫ የሚያወጣው የቃል ሰነድ፣ ደግሞ ውልም ሕግም አይደለም። ይህ በእኛ አገር ብቻ ያለ ነገር አይምሰልዎት። በብሪታንያ የሌበር ፓርቲ በአውሮፓ ሕገ መንግሥት ስምምነት ላይ ሕዝበ ውሳኔ እንደሚያካሂድ ቃል ገብቶ ነበር፤ ስምምነቱ በሊዝበን ውል ሲተካ ግን ሕዝበ ውሳኔውን ተወው። አንድ ባለሀብት ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወስዶ እ.ኤ.አ. በ2008 ተሸነፈ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2013 ተመሳሳይ ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። በታሚል ናዱ ግዛት ፓርቲዎች ለመራጩ ነጻ ቴሌቪዥንና ሌላም የቤት ዕቃ እንሰጣለን ማለታቸው እንደ ምርጫ ሙስና አይቆጠርም ሲል ወሰነ፤ የምርጫ ኮሚሽኑ ግን ስለ ማኒፌስቶ አዘገጃጀት መመሪያ እንዲያወጣ አዘዘ።

ፍርድ ቤቶቹ ትክክል ይመስሉኛል። ዳኛ «ይህን ፖሊሲ ፈጽሙ፣ ያንን ተዉ» ማለት ከጀመረ በእርስዎ ድምፅ እርሱ ይመርጣል። የእኛ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድም ምርጫ ያስፈጽማል፣ ፓርቲዎችን ይመዘግባል፣ የዘመቻ ሥነ ምግባራቸውን ይከታተላል፤ ያሸነፈውን ፓርቲ «ቃልህን አልፈጸምክም» ብሎ አይቀጣም።

በሕገ መንግሥታችን የተጠያቂነቱ መንገድ በተመራጩ በኩል ነው። አንቀጽ 12 ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝብም በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጽ 54 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ተገዥነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ ነው ይላል። ልብ ይበሉ፣ ፓርቲ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ጥያቄዎን በስም ለሚያውቁት ተመራጭ ያቅርቡ፤ ፓርቲ ብዙ ሰው ስለሆነ ለመሸሸግ ይመቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የብድሩ ቃል ወደ መመሪያ ተለውጦ፣ እርስዎም መስፈርቱን አሟልተው የተከለከሉ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ የሚከራከሩት በአስተዳደር ውሳኔ ላይ ነው። የከለከለው መሥሪያ ቤት የፌዴራል ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት በመጀመሪያ እዚያው መሥሪያ ቤት ቅሬታ አቅርበው፣ ካልሆነም ውሳኔው በፍርድ ቤት እንዲከለስ መጠየቅ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱላ ነው። ለተወካዮች ምክር ቤት የተወዳደሩ ሰው ሰፈራችን ድረስ መጥተው ኮብልስቶን እናነጥፋለን፣ የቦኖ ውሃ እናስገባለን ብለውን ነበር። አሁን ስንጠይቃቸው «ይህ የከተማው ሥራ ነው» ይሉናል። አታለሉን ማለት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ አሁን የሚሉት እውነት ነው። ጥፋታቸው ያኔ አለመናገራቸው ነው። የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሕግ ያወጣል፣ የፌዴራል በጀት ያጸድቃል፣ ሚኒስትሮችን ጠርቶ ይጠይቃል። የሰፈር ኮብልስቶን፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይና የቦኖ ውሃ የከተማ አስተዳደሩ ሥራዎች ናቸው። ከሞጆ ሐዋሳ የሚዘረጋው የፍጥነት መንገድ ግን የፌዴራል ሥራ ስለሆነ እኚሁ ሰው ስለ እርሱ «አይመለከተኝም» ማለት አይችሉም። የመብራትም ጉዳይ እንደዚሁ ነው፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የፌዴራል ድርጅት ነው።

የዘመቻ ቃል በብዛት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም። ሰው ሥልጣኑ በማይደርስበት ነገር ቃል ይገባል፣ ኋላ የሥልጣን ክፍፍልን መከላከያ ያደርጋል። በእናንተ ሰፈር መንገድና ውሃ ላይ የሚወስነው የከተማው ምክር ቤት ነው። ጥያቄያችሁን ወደዚያ ውሰዱ፣ እኚህንም ሰው አትልቀቁ፤ ቃል የገቡላችሁ ጎረቤቶቻችሁ ሁሉ በሰሙበት ነውና አብረዋችሁ ሄደው ይጠይቁ። እግረ መንገዴን የማነሣው ቅሬታ አለኝ። በ2005 ዓ.ም. ከተካሄደው በኋላ በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት የአካባቢ ምርጫ እንዲራዘም ተደርጎ ነበር። ለቦኖና ለቦይ በቀጥታ የሚጠየቀው ተመራጭ የሚወጣው ከዚህ ምርጫ ነው። የዚህ ምርጫ መራዘም ከትልቁ ምርጫ መራዘም እኩል ሊያስቆጣን ይገባ ነበር።

ጥያቄ፦ ቃል የተገባልን የጤና ጣቢያ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጦለታል። ኃላፊዎች «ተፈጽሟል» ይላሉ፣ እኛ «አልተፈጸመም» እንላለን። ማን ይዳኘን?

መልስ፦ ድንጋይ በሽተኛ አያክምም። ከከተማዋ ዳርቻ የማውቀው አንድ የመሠረት ድንጋይ አለ። እብነ በረዱ ላይ የድንጋዩን አስቀማጭ ስምና ማዕረግ ዛሬም ማንበብ ይቻላል። ሥራው የሚጠናቀቅበትን ቀን የሚናገር መስመር ግን ከመጀመሪያውም አልተቀረጸበትም። በምረቃው ዕለት መጋረጃው የታሰረበት ሽቦ ዝጎ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ዙሪያውን ሰው በቆሎ ዘርቶበታል። እንዲህ ያለውን ነገር በሪፖርት ላይ «የተጀመረ ፕሮጀክት» ሆኖ ስታገኙት አትገረሙ።

ዳኛው ገንዘቡ ነው። የአገራችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ቀን ያልቃል። ግንቦትና ሰኔ የሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ የሚከፋፈልባቸው ወራት ናቸው። በእነዚህ ወራት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ጤና ጣቢያ በካፒታል በጀቱ (ለግንባታ በሚያዘው ገንዘብ) ውስጥ ስንት ብር ተይዞለታል? መልሱ «ምንም» ከሆነ ድንጋዩ የተቀመጠው ለፎቶግራፍ ነው። ገንዘብ ተይዞለት ከሆነ ቀጥሉ፦ ጨረታው መቼ ወጣ? ተቋራጩ ማን ነው? ርክክቡ መቼ ነው? «አፈጻጸሙ 60 በመቶ ደርሷል» ሲሏችሁም የፊዚካል ሥራው (መሬት ላይ የተሠራው) ነው ወይስ የተከፈለው ገንዘብ በሉ። ለተቋራጭ ቅድመ ክፍያ ተሰጥቶ መሬቱ ላይ ጉድጓድ ብቻ ሊኖር ይችላልና፣ ሁለቱ ቁጥሮች ሲራራቁ ነገር አለ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ብጠይቅ ተቃዋሚ ተብዬ እፈረጃለሁ ብዬ እፈራለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ፍርሃትዎን አላቃልለውም፤ ምክንያት አለው። ለዚህም ነው ብቻዎን አይሂዱ የምለው። የዕድርዎ ሰብሳቢ፣ የወላጅ ኮሚቴ፣ የሰፈር ሽማግሌዎች አብረው ቢፈርሙ ጥያቄው የአንድ ሰው መሆኑ ይቀራል። በሲዳማ የሶንጎ ሸንጎ ሽማግሌዎች የአደባባይ ጉዳይን በጋራ ተቀምጠው የመመርመር የቆየ ልማድ አላቸው፤ ባለሥልጣንን ስለ ቃሉ በአክብሮት መጠየቅም ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ምክሬ ሕግ ጠቅሰው ይጠይቁ ነው። የመረጃ ነጻነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ጥያቄው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ይቀርባል፣ መልስ የሚሰጥበት ጊዜም 30 ቀን ነው። መልሱ ከዘገየ ወይም ከተከለከለ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይጻፉ። አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ ሁለተኛው ላይ ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ቀን አስጽፈው፣ ማኅተም አስመትተው ወደ ቤትዎ ይውሰዱ። «ለምን አልተሠራም?» ብለው አይጻፉ፣ አቤቱታም አያድርጉት። «በ… ቀበሌ ለሚሠራው መንገድ በዚህ ዓመት የተመደበው በጀትና የተከፈለው ገንዘብ መጠን በጽሑፍ ይገለጽልን» ብሎ የሚያበቃ ደብዳቤ ለመፈረጅ ያስቸግራል። የቃል ጥያቄ አይመዘገብም፤ የተመዘገበ ደብዳቤ ግን ኃላፊው ቢቀየር እንኳ ለተተኪው ይቆየዋል።

ጥያቄ፦ ያልተመረጡ ፓርቲዎችስ ቃላቸውን አይጠየቁም?

መልስ፦ ይጠየቃሉ። በጋና የአዲሱ አርበኞች ፓርቲ ነጻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን በ2008 ምርጫ ቃል ገብቶ ተሸነፈ፣ በ2012ም ያንኑ ይዞ ተሸነፈ፣ በ2016 አሸንፎ በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ አስጀመረው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአፈጻጸሙ ጥራት እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ቃሉን ግን ስምንት ዓመት ተሸክሞታል። ከምርጫ ማግስት ጽሕፈት ቤቱን ዘግቶ ለሚቀጥለው ምርጫ አዲስ ማኒፌስቶ ይዞ የሚመጣን ፓርቲ «ያኛውስ የት ደረሰ?» በሉት።

ጥያቄ፦ ጦርነት አለ፣ የዋጋ ንረት አለ። ቃል ያልተፈጸመበት ሁሉ ውሸታም ነው ማለት ፍትሐዊ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ቱቦም ሆነ ትራንስፎርመር በቀድሞ ዋጋው አይገኝም። በአሮጌው ዋጋ የተሰላ ቃል ቢጓተት ምክንያቱ ይገባኛል። እኔ የምጠይቀው ምክንያቱ መቼ ተነገረን የሚለውን ነው። ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ወጥቶ «ይህን ያህል ጎድሎናል፣ ይህን አስቀድመን ያንን እናዘገያለን» ያለ አስተዳደር ሕዝቡን አክብሯል። ቀኑ ካለፈ በኋላ፣ ያውም ተጠይቆ፣ «የዓለም ሁኔታ» የሚል ሰበብ ፈልጓል።

ሰበብን በተመለከተ ጠቃሚ ጥናት አለ። በ12 አገሮች ከ20,000 በላይ የምርጫ ቃሎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙ ተመራማሪዎች፣ ብቻቸውን መንግሥት የሚመሠርቱ ፓርቲዎች ከጥምር መንግሥት አባላት ይልቅ ቃላቸውን እንደሚፈጽሙ አሳይተዋል። የብሪታንያ ሊበራል ዴሞክራቶች እ.ኤ.አ. በ2010 የዩኒቨርሲቲ ክፍያ እንዳይጨምር ድምፅ እንሰጣለን ብለው ፈርመው፣ ጥምር መንግሥት ውስጥ ሲገቡ የክፍያው ጣሪያ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ እንዲያድግ ተስማሙ። መሪያቸው ኒክ ክሌግ ኋላ በይፋ ይቅርታ ቢጠይቁም በ2015 ምርጫ ከ57 መቀመጫ ወደ 8 ወረዱ። እነርሱ ቢያንስ «አጋራችን አስገደደን» ማለት ይችሉ ነበር። በእኛ አገር ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ውጤታቸው ከተገለጸ 436 የፌዴራል መቀመጫዎች ብልጽግና ፓርቲ 410ሩን አሸንፏል። በዚህ ዓይነት አብላጫ የተመረጠ ፓርቲ አጋር ከለከለኝ ሊል አይችልም፤ ምስጋናውም ወቀሳውም ሙሉ በሙሉ የራሱ ነው።

ሰበብን ከምንጩ ለመቀነስ ኔዘርላንዶች የሚሠሩትን እመኛለሁ። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ትንተና ቢሯቸው ፓርቲዎች በፈቃዳቸው የሚያቀርቡትን ፕሮግራም ከምርጫው በፊት አስልቶ፣ ስንት እንደሚያስወጣና ምን እንደሚያስከትል ለሕዝብ ያሳውቃል። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የሐዋሳውም ጭምር፣ የኢኮኖሚክስ መምህራንና ተማሪዎች አሏቸው። ማኒፌስቶ ለማስላት የማንንም ፈቃድ አይጠብቁም።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ 18 ዓመት ሞላኝ። ዕጩ ሲመጣ ምን ልጠይቀው?

መልስ፦ ልጄ፣ አራት ነገር ጠይቂው፦ ስንት? እስከ መቼ? በምን ገንዘብ? ሥልጣኑስ አንተ በምትወዳደርበት ምክር ቤት ነው ወይ? «ለወጣቱ የሥራ ዕድል እንፈጥራለን» ካለሽ አራቱንም አልመለሰም። ስንት ሥራ፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው ወይስ ሌላ ቦታ፣ በምን ደመወዝ ብለሽ ድገሚለት። መልሱን ከነቀኑና ከነቦታው ደብተርሽ ላይ ጻፊው፣ ከጎንሽ የነበሩ ሁለት ጓደኞችሽንም አስፈርሚበት።

ጥያቄ፦ ማኒፌስቶዎቹን የት አገኛለሁ? ከምርጫ በኋላ ስፈልግ አጣሁ።

መልስ፦ በዘመቻው ጊዜ ከየፓርቲው ጽሕፈት ቤት በነጻ ይሰጣሉ፤ ያኔ ይውሰዱ። የተበተነውን በራሪ ወረቀትም አይጣሉ፣ በብዛት የአካባቢው ቃል የሚገኘው ከትልቁ ሰነድ ይልቅ እርሱ ላይ ነው። አንድ ቅጂ ለሰፈርዎ ቤተ መጻሕፍት ወይም ለዕድሩ ጸሐፊ ይስጡ፤ ግንቦት ላይ የበጀት ውይይት ሲጠራ ይዘውት ይግቡ።